ሁሉንም ወደ ከፍተኛው ትምህርት፦ የዘር የውጤት ልዩነትን በማጥበብ ረገድ የሳውዝ ሳይድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተሞክሮ

1. መግቢያ

የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1954 በብራውን መዝገብ በሰጠው ውሳኔ ተማሪዎችን በዘር ለይቶ በተለያዩ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች ማስተማር ሕገ መንግሥቱን እንደሚፃረር አረጋገጠ። ከዚያ በኋላ በነበሩት ዓመታት ጥቁርና ነጭ ተማሪዎች በአንድ በር የሚገቡባቸው ትምህርት ቤቶች ቁጥር ጨመረ። ይሁን እንጂ በአንድ በር የገቡ ተማሪዎች ሁሉ በአንድ ክፍል አልተቀመጡም። በብዙ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ተማሪዎች በችሎታ ይለያሉ ተብለው በከፍተኛ፣ በመካከለኛና በዝቅተኛ ደረጃ ይመደቡ ነበር፤ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎችም በዝቅተኛው ደረጃ ከቁጥራቸው በላይ ይገኙ ነበር። ይህ አሠራር ዛሬም በተለያየ መልኩ ይሠራበታል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኒው ዮርክ ግዛት በሎንግ አይላንድ የሚገኘው የሮክቪል ሴንተር የትምህርት ወረዳና በሥሩ ያለው ሳውዝ ሳይድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ይህን አሠራር ለማስቀረት የወሰዱትን እርምጃ መመርመር ነው። ተሞክሮው በቺካጎና በሳን ፍራንሲስኮ ከተወሰዱ ተመሳሳይ መነሻ ካላቸው እርምጃዎች ጋር ይነጻጸራል። የጽሑፉ ዋና ነጥብ የሚከተለው ነው፦ የደረጃ ምደባን ማስቀረት የዘር ልዩነትን የሚያጠበው ለጥቂቶች ይሰጥ የነበረው ከፍተኛ ትምህርት ለሁሉም ሲዳረስና ከእርሱ ጋር ተጨማሪ የድጋፍ ጊዜ ሲመደብ ነው። ከሁለቱ አንዱ ሲጎድል ልዩነቱ መልኩን ቀይሮ ይቀጥላል። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር የተገለጹ ናቸው።

2. ምደባ ልዩነትን የሚያሰፋበት መንገድ

የደረጃ ምደባ ከዘር ጥያቄ ጋር ያለው ትስስር በፍርድ ቤት ጭምር የታየ ጉዳይ ነው። የዋሽንግተን ዲሲ ትምህርት ቤቶች ከብራውን ውሳኔ ሁለት ዓመት በኋላ፣ በ1956፣ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎችን በአራት ደረጃ የሚከፍል ሥርዓት ዘረጉ። በሆብሰንና በሃንሰን መካከል በተደረገው ክርክር ዳኛ ስኬሊ ራይት በ1967 በሰጡት ፍርድ ይህ ሥርዓት ጥቁርና ድሃ ተማሪዎችን የሚበድል ሆኖ ስላገኙት እንዲቀር አዘዙ። ለምደባው መሠረት የነበሩት የችሎታ ፈተናዎች የተማሪዎቹን የተፈጥሮ ችሎታ እንደማይለኩ፣ ይልቁንም ያደጉበትን የኑሮ ሁኔታ እንደሚያንጸባርቁ ፍርዱ አመልክቷል።

ከዚህ በኋላ በመስኩ ከፍተኛ ተጽዕኖ ያሳደረው የጂኒ ኦክስ ጥናት ነው። ኦክስ በ1985 ባሳተሙት መጽሐፍ በ25 ትምህርት ቤቶች የተሰበሰበ መረጃ ተንትነዋል። በከፍተኛው ደረጃ የተመደቡ ተማሪዎች እንዲመራመሩና ሐሳባቸውን እንዲያብራሩ ሲበረታቱ፣ በዝቅተኛው ደረጃ ያሉት በቃል ጥናትና በተደጋጋሚ ልምምድ እንዲወሰኑ ይደረግ እንደነበር አሳይተዋል። ስለዚህ ምደባው በተማሪዎች መካከል የነበረውን ልዩነት መዝግቦ የሚቆም አይደለም፤ የሚያገኙትን ዕውቀት በመለየት ልዩነቱን በየዓመቱ ያሳድገዋል።

ይህ በተለይ በሂሳብ ትምህርት ግልጽ ሆኖ ይታያል። በአሜሪካ የተለመደው ቅደም ተከተል የመጀመሪያው አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪ፣ ሁለተኛው አልጀብራ፣ የካልኩለስ መሰናዶ፣ በመጨረሻም ካልኩለስ ነው። አምስቱ በአምስት ዓመት የሚወሰዱ በመሆናቸው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ካልኩለስ ላይ ለመድረስ የመጀመሪያውን አልጀብራ በስምንተኛ ክፍል መጨረስ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያበቃው ምደባ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ልጁ አሥራ አንድ ወይም አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላው ነው። በዚህ ዕድሜ በመምህር አስተያየት፣ በአንድ ፈተና ውጤት ወይም በወላጅ ግፊት የሚሰጥ ውሳኔ ከስድስት ዓመት በኋላ ለዩኒቨርሲቲ በሚቀርበው የትምህርት ማስረጃ ላይ ይነበባል።

3. የሮክቪል ሴንተር እርምጃ

ሮክቪል ሴንተር አብዛኞቹ ነዋሪዎቿ ነጮችና በኑሯቸው የተደላደሉ፣ ጥቁርና ሂስፓኒክ ቤተሰቦች በአናሳ ቁጥር የሚገኙባት የከተማ ዳር መኖሪያ ናት። የወረዳው የትምህርት ኃላፊ በ1993 ግልጽ ግብ አስቀመጡ፤ በ2000 ከሚመረቁት ተማሪዎች 75 በመቶ የሚሆኑት የሬጀንትስ ዲፕሎማ እንዲያገኙ የሚል ነበር። ይህ ዲፕሎማ የኒው ዮርክ ግዛት በሚያዘጋጃቸው የትምህርት ማጠቃለያ ፈተናዎች ላይ የተመሠረተ ከመሆኑ የተነሳ መመዘኛው በመምህሩ ወይም በትምህርት ቤቱ በጎ ፈቃድ የሚለዋወጥ አልነበረም።

እርምጃው በሂሳብ ተጀመረ። ቀደም ሲል ለላቁ ተማሪዎች ብቻ ይሰጥ የነበረው የተፋጠነ የመካከለኛ ደረጃ ሂሳብ ለሁሉም ተማሪዎች፣ ልዩ ልዩ የውጤት ደረጃ ያላቸው በተቀላቀሉባቸው ክፍሎች፣ እንዲሰጥ ተወሰነ። ሁሉም ተማሪ በስምንተኛ ክፍል አልጀብራን እንዲያጠናቅቅ ታቀደ። ከዚህ ጎን ለጎን እገዛ ለሚያስፈልጋቸው ተማሪዎች ከመደበኛው የሂሳብ ክፍለ ጊዜ በተጨማሪ በየሁለት ቀኑ የሚሰጥ የድጋፍ ክፍለ ጊዜ ተመደበ። ከትምህርት ሰዓት በኋላም እገዛ ይሰጥ ነበር፤ የሂሳብ መምህራንም በጋራ የሚዘጋጁበት ሰዓት ተመቻቸላቸው። በዚህ ሁኔታ ደካማው ተማሪ ተጨማሪ ጊዜ ያገኘው ከዋናው ክፍል ሳይወጣ ነው።

ውጤቱ አበረታች ሆኖ በመገኘቱ አሠራሩ ወደ ሁለተኛ ደረጃው ተሸጋገረ። በ1999 ወደ ሳውዝ ሳይድ የገቡት የዘጠነኛ ክፍል ተማሪዎች በሁሉም የትምህርት ዓይነቶች በቅይጥ ክፍሎች ተማሩ።

4. የታየው ለውጥ

በርዕሰ መምህርነት ትምህርት ቤቱን የመሩት ካሮል በሪስና ተመራማሪው ኬቨን ዌልነር በ2005 ያሳተሙት ጽሑፍ ለውጡን በአኃዝ ያቀርባል። ወደ ሁለተኛ ደረጃ ከመግባታቸው በፊት አልጀብራን የሚጨምረውን የመጀመሪያውን የሬጀንትስ ሂሳብ ፈተና ያለፉ ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎች ድርሻ ከ23 በመቶ ወደ 75 በመቶ አደገ። የነጭና የእስያ ዝርያ ያላቸው ተማሪዎች ድርሻም ከ54 በመቶ ወደ 98 በመቶ ከፍ አለ።

በምረቃ ጊዜ የታየው የልዩነት መጥበብ ከዚህ ይበልጣል። በ2000 ከተመረቁት ጥቁርና ሂስፓኒክ ተማሪዎች የሬጀንትስ ዲፕሎማ ያገኙት 32 በመቶ ሲሆኑ፣ ከነጭና ከእስያ ዝርያ ተማሪዎች ግን 88 በመቶ ነበሩ። በ2003 አኃዙ በቅደም ተከተል 82 በመቶና 97 በመቶ ሆነ። በሁለቱ ወገኖች መካከል የነበረው ልዩነት ከ56 መቶኛ ነጥብ ወደ 15 ወረደ ማለት ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ልዩነቱ የጠበበው የሁለቱም ወገኖች ውጤት እየጨመረ መሆኑ ነው።

በሪስ ከጄይ ሁበርትና ከሄንሪ ሌቪን ጋር በ2006 ያሳተሙት ጥናት ከለውጡ በፊትና በኋላ የተማሩ ስድስት ተከታታይ የተማሪ ስብስቦችን አነጻጽሯል። ከለውጡ በኋላ በየትኛውም የቀድሞ ውጤት ደረጃ የነበሩ ተማሪዎች የላቁ የሂሳብ ትምህርቶችን የመውሰድ ዕድላቸው ጨምሯል። የብርቱዎቹ ተማሪዎች ውጤትም አልቀነሰም። የደረጃ ምደባን የሚደግፉ ወላጆች አዘውትረው የሚያነሡት ሥጋት ጎበዙ ልጅ በቅይጥ ክፍል ወደ ኋላ ይጎተታል የሚል በመሆኑ ይህ ግኝት ልዩ ክብደት አለው።

5. ሁለት ማነጻጸሪያዎች

የቺካጎ መንግሥታዊ ትምህርት ቤቶች በ1997 የማካካሻ ሂሳብን በማስቀረት ሁሉም የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ አልጀብራ እንዲወስድ አደረጉ። ከፍተኛው ትምህርት ለሁሉም ተዳረሰ፤ ነገር ግን መጀመሪያ ላይ በቂ የድጋፍ ጊዜ አልተመደበለትም። ተከታትለው የተደረጉ ጥናቶች አልጀብራ የሚወስዱ ተማሪዎች ቁጥር ቢያድግም የሚወድቁት መበራከታቸውን፣ የፈተና ውጤትም አለመሻሻሉን አሳዩ። ከተማዋ በ2003 ውጤታቸው ከአገር አቀፉ መካከለኛ በታች ለሆነ ተማሪዎች የአልጀብራውን ጊዜ በእጥፍ አሳደገች። በኋላ የተደረገ ጥናት እጥፍ ጊዜ ያገኙት ተማሪዎች ሁለተኛ ደረጃን የመጨረስና ኮሌጅ የመግባት ዕድላቸው መጨመሩን አረጋግጧል።

ሳን ፍራንሲስኮ በ2014 የወሰደችው እርምጃ አቅጣጫው ሌላ ነው። በስምንተኛ ክፍል ይሰጥ የነበረው አልጀብራ ቀርቶ ሁሉም ተማሪ በዘጠነኛ ክፍል እንዲወስደው ተደረገ። ዓላማው በሂሳብ ትምህርት የሚታየውን የዘር ልዩነት ማጥበብ ነበር። እኩልነቱ ግን የተፈለገው ለጥቂቶች የነበረውን ዕድል ለሁሉም በማዘግየት ነው። አቅም ያላቸው ቤተሰቦች ከትምህርት ቤት ውጭ ክፍያ እየከፈሉ ልጆቻቸውን አልጀብራ አስተማሩ። በላቁ የሂሳብ ትምህርቶች ተሳትፎ በዘሮች መካከል የነበረው ሰፊ ልዩነትም አልተወገደም። የከተማዋ የትምህርት ቦርድ በ2024 አልጀብራ ወደ ስምንተኛ ክፍል እንዲመለስ ወሰነ።

ሦስቱ ጉዳዮች በአንድነት ሲታዩ ምደባን ማስቀረት በራሱ በቂ አለመሆኑ ይገለጣል። ቺካጎ በመጀመሪያ ከፍተኛውን ትምህርት ሰጥታ ጊዜውን ነፈገች፤ ሳን ፍራንሲስኮ ትምህርቱን ራሱን አዘገየች፤ ሮክቪል ሴንተር ሁለቱን አጣመረች።

6. የማስረጃው ገደብ

የሳውዝ ሳይድን ውጤት ወደ ሌላ ቦታ ለመውሰድ የሚፈልግ ተመራማሪ ሦስት ነገሮችን ሊያጤን ይገባል። አንደኛ፣ ወረዳው አነስተኛና ከፍተኛ ሀብት ያለው ነው፤ የድጋፍ ክፍለ ጊዜ መምህር ይጠይቃል፣ መምህር ደግሞ በጀት ይጠይቃል። ሁለተኛ፣ በዚያው ወቅት የኒው ዮርክ ግዛት የምረቃ መስፈርቱን ደረጃ በደረጃ እያጠበቀ ስለነበር ከዲፕሎማው ዕድገት ከፊሉ ከዚህ የመነጨ ሊሆን ይችላል። ሦስተኛ፣ የጥናቶቹ ዋና ጸሐፊ የትምህርት ቤቱ ኃላፊ ነበሩ። የግዛቱ ፈተና የውጭ መመዘኛ መሆኑ ይህን ሥጋት ቢያቃልለውም ጨርሶ አያስወግደውም።

በተጨማሪም በዘር የተከፋፈለ አኃዝ በውስጡ ያሉትን ልዩነቶች ይሸፍናል። ለምሳሌ በዋሽንግተን አካባቢና በሲያትል የሚማሩ የኢትዮጵያውያን ስደተኞች ልጆች በትምህርት ቤት መዝገብ በአብዛኛው ጥቁር በሚለው ምድብ ሥር ይቆጠራሉ። የእንግሊዝኛ ቋንቋ ብቃታቸውና የወላጆቻቸው የትምህርት ታሪክ ግን ከሌሎች ጥቁር ተማሪዎች የተለየ ሊሆን ይችላል። በደረጃ የሚከፋፍል ሥርዓትን የማያውቅ ወላጅ የስድስተኛ ክፍል ምደባ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን መንገድ እንደሚወስን ሳይረዳ ሊፈርም ይችላል። ምደባው በወላጅ ጥያቄ የሚቀየርበት ትምህርት ቤት ለሚያውቀው እንጂ ለሚያስፈልገው አያደላም።

7. መደምደሚያ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚታየው የዘር ኢፍትሐዊነት ብዙ ጊዜ የሚፈለገው በመጨረሻው ውጤት ላይ ነው፤ በማቋረጥ፣ በመውደቅና በዩኒቨርሲቲ ቅበላ። የሳውዝ ሳይድ ተሞክሮ ምንጩ ቀደም ብሎ፣ ለማን ምን ይማር በሚለው ውሳኔ ላይ እንደሚገኝ ያመለክታል። ስለዚህ ለውጥ የሚያቅድ ትምህርት ቤት አስቀድሞ ሊመልሳቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። በከፍተኛው ክፍል የሚሰጠው ትምህርት ምንድን ነው? ለሁሉም እንዳይሰጥ የሚከለክለው ምንድን ነው? ወደ ኋላ ለሚቀረው ተማሪ ተጨማሪው ሰዓት ከየት ይገኛል? ሦስተኛው ጥያቄ ሳይመለስ የሁለቱ መልስ ዘላቂ እንደማይሆን ቺካጎ አሳይታለች። የመጀመሪያው ጥያቄ ሲዘለል ደግሞ እኩልነት በመዝገብ ላይ ብቻ እንደሚቀር የሳን ፍራንሲስኮ ታሪክ ያስረዳል።