የጥናት ፍሬ በምን ይለካል? ስለ ደን፣ ስለ ከተማና ስለ ዋቢነት



በበጋው ወራት ወደ አጥቢያዎቻችን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችና መምህራን ይመጣሉ። ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቀው፣ ደኑን በገመድ ከፍለው፣ የዛፉን ውፍረት ለክተው፣ ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን ጠይቀው ይመለሳሉ። የጻፉት ወዴት እንደ ደረሰ፣ ማን እንዳነበበው፣ ለደኑስ ምን እንዳስገኘ የሚያውቅ አጥቢያ ግን ጥቂት ነው። ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ከተሞቹ እየሰፉ፣ ባሕር ዛፉም ወደ ቅጽሩ እየተጠጋ ባለበት ጊዜ ይህን አለማወቅ ጉዳት አለው። ስለዚህ በዚህ ትምህርታችን የምሁራን ጥናት እንዴት እንደሚቆጠር፣ ቁጥሩ ምን እንደሚያሳይና ምን እንደሚሰውር፣ ከእኛስ ምን እንደሚጠበቅ እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዋቢነት እንዴት ይቆጠራል?

አንድ ምሁር ሲጽፍ ከእርሱ በፊት የጻፉትን በዋቢነት ይጠራል። ይህ ለቤተ ክርስቲያን ልጆች እንግዳ ነገር አይደለም። በዋሸራም ሆነ በጎንጅ የቅኔ ቤት ያደገ ደቀ መዝሙር ትምህርቱን ከማን እንደ ተቀበለ ይናገራል፤ የመምህሩ ስም ከቅኔው ጋር ይኖራል። በዘመናዊው ጥናት ይህ መጠራራት በመዝገብ ተይዞ ይቆጠራል። አሜሪካዊው ዩጂን ጋርፊልድ በ1955 አሳቡን አቀረበ፤ የሳይንስ ጽሑፎችን ዋቢነት የሚመዘግበው መድበልም በ1964 መታተም ጀመረ።

በ2005 ደግሞ የፊዚክስ ምሁሩ ሆርሄ ሂርሽ «ኤች ኢንዴክስ» የተባለውን መለኪያ አቀረበ። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ተመራማሪ አምስት ጽሑፎች አሉት እንበል፤ እነርሱም 20፣ 9፣ 4፣ 3 እና 1 ጊዜ ተጠቅሰዋል። እያንዳንዳቸው ቢያንስ 3 ጊዜ የተጠቀሱ ሦስት ጽሑፎች አሉት፤ እያንዳንዳቸው ቢያንስ 4 ጊዜ የተጠቀሱ አራት ጽሑፎች ግን የሉትም። ስለዚህ ኢንዴክሱ 3 ነው። የመጀመሪያው ጽሑፍ ከ20 ወደ 200 ቢያድግ እንኳ ቁጥሩ ከ3 አይነቃነቅም። መለኪያው አንድን ታላቅ ሥራ ብቻ አይቶ አያደላም፤ ነገር ግን የዚያን ታላቅ ሥራ ክብደትም አያሳይም።

ደንና ከተማ በአንድ ጥናት

ዛፍን የሚያጠናና ከተማን የሚያጠና ምሁር ብዙ ጊዜ በተለያየ ክፍል ይቀመጣሉ፤ የሚያነቧቸው መጽሔቶችም ይለያያሉ። ሁለቱን ያገናኘ የአገራችን ምሳሌ አለ። የጂኦግራፊ ምሁሩ ሮናልድ ሆርቫት በ1968 ስለ አዲስ አበባ የባሕር ዛፍ ደን በኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ጻፈ። በ1969 ደግሞ በአሜሪካ የጂኦግራፊ ምሁራን ማኅበር መጽሔት ላይ የአዲስ አበባን ዙሪያ ከጀርመናዊው የዮሐን ፎን ቱነን ትምህርት ጋር አነጻጸረ።

ፎን ቱነን በ1826 ባሳተመው መጽሐፍ በከተማ ዙሪያ ያለው መሬት እንደ ቀለበት እንደሚከፋፈል አስተምሯል። አትክልትና ወተት ለገበያው ቅርብ ይሆናሉ፤ ቀጥሎ እንጨት ይመጣል፤ ከባድ ስለሆነ ከሩቅ ማጓጓዙ አያዋጣምና። እህልና ከብት ወደ ውጭ ይርቃሉ። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የተተከለው፣ ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ዋና ከተማዪቱን ከማገዶ እጦት አድኖ እንደ ደን ከብቧታል። ማገዶ በሰው ጀርባና በአህያ በሚጓጓዝበት አገር የእንጨቱ መቅረብ አስፈላጊ መሆኑ ግልጽ ነው።

ይህን ትምህርት ወደ ምዕራብ ጎጃም ስናመጣው አንድ ነገር እናስተውላለን። በገበያ ስሌት ብቻ ቢሆን ኖሮ በከተማ አጠገብ ቀስ ብለው የሚያድጉት ጽድና ወይራ ስፍራ ባልኖራቸው ነበር፤ ቶሎ የሚሸጠው ባሕር ዛፍ ወይም ቤት ይተካቸው ነበር። የቆሙት ታቦቱ ስላለ፣ ምእመኑም ስለሚፈራና ስለሚያከብር ነው። አበው ደን የሌለውን ቤተ ክርስቲያን ልብስ እንደሌለው ሰው የሚያዩት በከንቱ አይደለም። ይሁን እንጂ ቡሬ የተቀናጀ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ያላት ከተማ ሆናለች፤ የመሬትም ዋጋ ከከተማ ጋር ያድጋል። የደን ዕውቀት ብቻውን፣ የከተማ ዕውቀትም ብቻውን ቅጽሩን አይጠብቅም።

የቤተ ክርስቲያን ደን ተመራማሪው

ብዙ ምእመናን ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴን «እመጓ» በተባለው መጽሐፋቸው ያውቋቸዋል። እርሳቸው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ናቸው፤ በ2007 በኔዘርላንድ ዋገኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ሥራቸውን ያቀረቡት በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ ነው። በደቡብ ጎንደር በ28 አብያተ ክርስቲያናት ደኖች ባደረጉት ጥናት 168 ዓይነት እንጨታማ ዕፀዋት መዝግበዋል። በ2006 ከፕሮፌሰር ደምል ተከታይ ጋር ባሳተሙት ጽሑፍ ደግሞ ከአፈር ውስጥ ያለውን ዘር መርምረው፣ አብዛኞቹ የደኑ ዛፎች በአፈር ውስጥ ተከማችቶ የሚቆይ ዘር እንደሌላቸው አሳዩ።

የዚህ ትርጉም ከባድ ነው። ደኑ አንድ ጊዜ ከተመነጠረ አፈሩ መልሶ አያበቅለውም፤ ዘሩ የሚገኘው ከቆመው እናት ዛፍ ነው። በ2009 የታተመው ሌላው ጥናታቸው ከብት እንዳይገባ በታጠረው ስፍራ ችግኞች ካልታጠረው የተሻለ እንደሚበቅሉና እንደሚያድጉ አስረዳ። ከዚህም በኋላ ከአሜሪካዊቷ የደን ሳይንቲስት ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነው፣ አጥቢያዎች ከማሳ በሚለቀም ድንጋይ የደናቸውን ዙሪያ እንዲያጥሩ ሠርተዋል። ገበሬው ማሳው ይጸዳለታል፣ ደኑም ይጠበቃል።

ቁጥሩ የማያየው

አሁን ወደ መለኪያው እንመለስ። የዶክተር ዓለማየሁ ጽሑፎች በዋቢነት ሲጠሩ መዝገቡ ይቆጥራል። ግን ሦስት ነገሮችን አያይም።

አንደኛ፣ ስማችንን አያውቅም። በእኛ ልማድ ሰው በራሱ ስም ይጠራል፤ ቀጥሎ ያለው የአባት ስም ነው። የውጭው መዝገብ ግን የቤተሰብ ስም ይፈልጋል። ስለዚህ አንዱ ምሁር በአንዱ መጽሔት በአባቱ፣ በሌላው በአያቱ ስም ሊመዘገብ ይችላል፤ ሥራውም እንደ ሁለት ሰው ሥራ ይከፈላል። በ2012 ሥራ የጀመረው «ኦርኪድ» የተባለው የተመራማሪዎች መለያ ቁጥር ይህን ችግር ለማቃለል ይረዳል፤ ወጣት ምሁራን ልጆቻችን ገና ሲጀምሩ ቢያወጡት መልካም ነው።

ሁለተኛ፣ በአማርኛ የተጻፈውንና በአገር ውስጥ የታተመውን ብዙውን አይቆጥርም። «እመጓ»ን ያነበበ ምእመን ወደ ገዳም ሲሄድ ዛፉን በሌላ ዓይን ቢያይ ይህ በየትኛውም ኢንዴክስ አይገባም።

ሦስተኛ፣ የድንጋዩን ካብ አይቆጥርም። አጥሩን የሠራ ምእመን የጥናቱን ሐሳብ በእጁ ተቀብሏል፤ ነገር ግን ዋቢ አልጻፈም። ደግሞም አንዱ የትምህርት ዘርፍ ከሌላው ይልቅ ብዙ ጸሐፊና ብዙ ዋቢ ስላለው፣ የደን ምሁሩን ቁጥር ከከተማ ምሁሩ ቁጥር ጋር ማስተያየት ጤፍን በገብስ ቁና እንደ መስፈር ነው። በ2015 የወጣው የላይደን መግለጫም ለአካባቢ የሚጠቅም ጥናት ሊጠበቅ እንደሚገባ ማሳሰቡ በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ማለታችን ቁጥሩን ለመናቅ አይደለም። ስለ ቤተ ክርስቲያን ደን የተጻፈ ጽሑፍ በብዙ አገር ሲጠቀስ፣ ካህናትና ምእመናን ለዘመናት የጠበቁት ሥራ በዓለም ምስክር አገኘ ማለት ነው። ቁጥሩ ጥናቱ በምሁራን ዘንድ ምን ያህል እንደ ተጓዘ ይነግረናል፤ ወደ ቅጽሩ መመለስ አለመመለሱን ግን የምንነግረው እኛ ነን።

ከእኛ የሚጠበቀው

ከላይ ያየነው ቆጠራ የተደረገው በደቡብ ጎንደር ነው። የምዕራብ ጎጃም አጥቢያዎች ደግሞ የየራሳቸውን ደን ሊያስቆጥሩ ይገባል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ካምፓስ ያለው በመሆኑ አጥኚ ለማግኘት ሩቅ መሄድ አያሻም። ለዚህም አራት ነገሮችን እንመክራለን።

ፈቃድ ስንሰጥ የአጥኚውን ስም፣ የትምህርት ቤቱን ስምና የጥናቱን ርዕስ በደብሩ መዝገብ እንጻፍ። ጥናቱ ሲያልቅ አንድ ቅጂና በአማርኛ የተጻፈ አጭር ማጠቃለያ ለሰበካ ጉባኤው እንዲመለስ አስቀድመን እንስማማ። የደኑን ስፋት፣ የዛፎቹን ዓይነትና የድንበሩን ምልክት የያዘ የራሳችን መዝገብ ይኑረን፤ የከተማ ፕላን ሲዘጋጅ በጽሑፍ ያልተያዘ ደን ባዶ ቦታ መስሎ ሊታይ ይችላልና። በመጨረሻም የተማርነውን በሥራ እናውለው፦ ከብቱን ከደኑ እንከልክል፣ እናት ዛፎቹን እንጠብቅ፣ በቅጽሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ ከመትከል በፊት አገር በቀሉን እናስቀድም።

አዳም በገነት የተቀመጠው እንዲያለማትና እንዲጠብቃት መሆኑን ኦሪት ዘፍጥረት በምዕራፍ 2 ያስተምረናል። ምሁሩ በመለካትና በመጻፍ፣ ካህኑ በማስተማር፣ ምእመኑ ድንጋይ በመካብ በዚያው አደራ ይተባበራሉ። በሚቀጥለው በጋ ተማሪ መጥቶ ደኑን ልለካ ሲለን እንግዲህ በደስታ እንቀበለው፤ ሲሄድም የለካውን እንዲመልስልን እንጠይቀው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።