አጭር ሩጫና ረጅም ሩጫ

ሩጫ ሁሉ አንድ አይደለም። አጭር ሩጫ አለ፤ ረጅም ሩጫም አለ። ሁለቱም እግር ይፈልጋሉ። መሐል ላይ ለደከመ ሰው ግን እኩል ጊዜ አይሰጡም። ይህን ለመረዳት የማሞ ወልዴን ታሪክ እንመልከት።

ማሞ ወልዴ በ1949 ዓ.ም. በአውስትራሊያ አገር፣ በሜልቦርን ከተማ በተደረገው ኦሎምፒክ ለኢትዮጵያ ሮጠ። 800 ሜትርና 1 ሺህ 500 ሜትር ሮጦ በሁለቱም ማጣሪያውን አላለፈም። 800 ሜትር ማለት ሜዳውን ሁለት ጊዜ መዞር ነው፤ ለጎበዝ ሯጭ ሁለት ደቂቃ እንኳ አይሞላም። በእንዲህ ያለ ሩጫ ወደ ኋላ የቀረ ሰው ትንፋሼን ልሰብስብ ሲል ሩጫው ያልቃል።

ማሞ ሩጫን አልተወም፤ ርቀቱን ለወጠ እንጂ። በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ በ10 ሺህ ሜትር አራተኛ ወጣ፤ ማራቶኑን ግን ጀምሮ አቋረጠ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ በ10 ሺህ ሜትር ሁለተኛ ሆነ። የኬንያው ናፍታሊ ቴሙ የቀደመው ከአንድ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ነው። ከሰባት ቀን በኋላ ማራቶን ሮጠ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው፤ ከሸዋ ሮቢት እስከ ደብረ ሲና ካለው መንገድ ይበልጣል። አበበ ቢቂላ እግሩን ታሞ ስለነበር 17ኛው ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ አቋረጠ። ማሞ ግን በ36 ዓመቱ አሸነፈ፤ ተከታዩንም ከሦስት ደቂቃ በላይ ቀደመው።

በሌላ አገርም ተመሳሳይ ነገር አለ። ህንዶችና እንግሊዞች ክሪኬት የሚባል የዱላና የኳስ ጨዋታ ይወዳሉ። አምስት ቀን በሚፈጀው ዓይነት፣ መምታት ያቃተው ተጫዋች ዓይኑ እስኪለምድ ድረስ ኳሱን እየመከተ ይቆያል። በአንድ ቀን በሚያልቀው ግን ለአንድ ቡድን የሚወረወረው 300 ኳስ ብቻ ነው፤ እሱ ቆሞ ሲጠብቅ የጓደኞቹ ኳስ ያልቃል።

አሁን ወደ እርሻችን እንምጣ። በይፋት ቆላ ማሽላ የረጅም ሩጫ ሰብል ነው፤ ማሾ ደግሞ የአጭር ሩጫ። ዝናብ መሐል ላይ ሲቋረጥ ማሽላ ቅጠሉን ጠቅልሎ እድገቱን ይገታል፤ ዝናቡ ሲመለስ እንደገና ይነሳል። ማሾ ግን ቶሎ ደራሽ ስለሆነ፣ በአበባው ጊዜ ድርቅ ካገኘው ያጣውን የሚተካበት ጊዜ የለውም።

ታዲያ ማሾ መጥፎ ነው ማለት ነው? አይደለም። በሚያዝያ የተዘራው ማሽላ ሳይበቅል ሲቀር፣ በቀረችው አጭር ጊዜ የሚደርሰው እሱ ነው። ማሽላም ቢሆን ዘለላ በሚያወጣበት ጊዜ ዝናብ ከጠፋ አይችለውም። ስለዚህ ብልህ ገበሬ ጊዜውን አይቶ ይመርጣል፤ ከተቻለም መሬቱን ለሁለቱ ያካፍላል። እዚህ ላይ ምርጫው ከተሳሳተ የሚቀረው ሜዳሊያ ሳይሆን የልጆች እንጀራ ነው።

ንባብስ የትኛው ነው? የረጅሙ ሩጫ ነው። አንድ ገጽ ያቃተን ዛሬ አንድ መስመር፣ ነገ ሁለት መስመር እናንብብ። ረጅም ሩጫ የዘገየን ይጠብቃል፤ የቆመን ግን አይጠብቅም።

ጥያቄዎች
1. ማሞ ወልዴ በሜልቦርን ምን ያህል ርቀት ሮጠ? በሜክሲኮስ?
2. ዝናብ ሲቋረጥ ማሽላ ምን ያደርጋል?
3. በእናንተ ቀበሌ ቶሎ የሚደርሱት ሰብሎች የትኞቹ ናቸው? ስማቸውን ጻፉ።