ከመርጨት በፊት መቁጠር
ለሙዚየም መጋዘን ጠባቂዎች የተዘጋጀ ትምህርት

የዚህ ትምህርት መሠረት አንድ ነው፤ በሙዚየም መጋዘን ውስጥ ተባይን ማወቅ ተባይን ከመግደል ይቀድማል። የገባው የትኛው ነፍሳት ነው? በየት ገባ? ምን እየበላ ነው? ካለፈው ወር በዝቷል ወይስ አንሷል? ይህን ሳያውቅ መድኃኒት የሚረጭ ሰው ቀለምና ቆዳ ሊያበላሽ፣ እዚያው የሚውለውንም ሠራተኛ ለጉዳት ሊያጋልጥ ይችላል። የነፍሳቱ እጭ ግን መድኃኒቱ በማይደርስበት እጥፋት ውስጥ ተደብቆ መብላቱን ይቀጥላል።

በመጀመሪያ የሚበላውን እንወቅ። አንድ የብራና መጽሐፍ አስቡ። ቅጠሉ ከቆዳ የተፋቀ ነው፤ ገበታው እንጨት ነው፤ የገበታውን ውስጠኛ ገጽ ብዙ ጊዜ ጨርቅ ያለብሱታል፤ የሚንጠለጠልበት ማኅደርም ቆዳ ነው። ቆዳውን የቆዳ ጥንዚዛ፣ እንጨቱን ነቀዝ፣ ጨርቁ ሐር ወይም ሱፍ ከሆነ ደግሞ ብል ይፈልገዋል። ከአንድ መጽሐፍ ላይ ሦስት ዓይነት ተባይ ሊመገብ ይችላል ማለት ነው። ከጎኑ የአንበሳ ጎፈር፣ የቆዳ ጋሻና የሱፍ ካባ ካሉ ማዕዱ ይበልጥ ይሰፋል።

ብልን በሚገባ ለዩት። ጎልማሳው ትንሽ ወርቃማ የእሳት ራት ነው፤ ነገር ግን ብርሃን ይሸሻል፣ ጨለማና ጸጥታ ይወዳል። እርሱ ራሱ አይበላም፤ የሚበላው እጩ ነው። የቆዳና የሱፍ ጥንዚዛዎች ነገር ደግሞ ሌላ ነው። ከእነዚህ መካከል ከ2 እስከ 4 ሚሊ ሜትር የሚሆኑ ክብ ክብ ጥንዚዛዎች አሉ፤ ጎልማሶቹ የአበባ ዱቄት ስለሚመገቡ ወደ ብርሃን ይወጣሉ፤ ጸጉራም እጮቻቸው ግን ከዕቃው ውስጥ አይወጡም። ስለዚህ በመስኮት ደፍ ላይ አንዲት ጥንዚዛ ሞታ ብታገኙ ጠርጋችሁ አትለፉ። ወይ ከውጭ ገብታለች፣ ወይ ከውስጥ ልትወጣ ስትል ሞታለች፤ ሁለቱም መመርመር አለበት።

አሁን ወደ ወጥመዱ እንምጣ። ወጥመድ የምንለው ሙጫ የተቀባ ትንሽ ካርቶን ነው። እንደ በር ዘበኛ ነው፤ ማን እንደገባ ይነግራል እንጂ ቤቱን ከሌባ አያጸዳም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል፤ ወጥመድ አስቀምጦ ተባዩን ያጠፋ ይመስለዋል። ነፍሳት የግድግዳ ሥር ተከትለው መሄድ ስለሚወዱ ወጥመዱን ወለሉና ግድግዳው በሚገናኙበት፣ በበር አጠገብ፣ ከመስኮት ሥርና በጨለማ ማዕዘን አስቀምጡ። ሙጫው ስለሚለጥፍ ቅርሱን እንዳይነካ ተጠንቀቁ። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፤ ቁጥሩን በክፍሉ ንድፍ ላይ አመልክቱ፤ የተቀመጠበትን ቀን ጻፉበት።

በየወሩ በእጅ ባትሪና በአጉሊ መነጽር አይታችሁ መዝግቡ። ምንም ያልተያዘበትም ወር ይመዝገብ፤ ያለ እርሱ የሚቀጥለው ወር ሦስት ብል ምን ማለት እንደሆነ ማንም ሊያውቅ አይችልም። ቅርስ የማይበላ ሌላ ትንሽ ፍጥረትም ይመዝገብ። ሸረሪት ከበዛ የምትበላው ነገር አለ ማለት ነው፤ ጉንዳን ከተያዘ የበሩ ሥር ክፍት መሆኑን ጠርጥሩ። የበር ክፍተት ለእኛ ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ስብስቦቻችን የተቀመጡት ለመጋዘንነት ባልተሠራ ቤት ነው። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም ራሱ የሚገኘው በቀድሞው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። አቧራ የያዘውን ወጥመድ ቀይሩት፤ የሞተ ነፍሳት ለቆዳ ጥንዚዛ እጭ ምግብ ስለሆነ የተረሳ ወጥመድ ተባይ ይቀልባል።

የወጥመዱ ዓይን የማያይበት ቦታም አለ። ብልን በጠረን የሚጠራው ወጥመድ የሚይዘው ወንዱን ብቻ ነው፤ እንቁላል የምትጥለው ሴቷ አትመጣም። የነቀዝ እጭ ደግሞ በእንጨቱ ውስጥ ለዓመታት ይኖራል፤ በገበታው ላይ የምታዩት ቀዳዳ ጎልማሳው የወጣበት ነው። ቀዳዳውን አይታችሁ ብቻ አትደንግጡ። ከሥሩ ንጹሕ ወረቀት አንጥፉ፤ ከጊዜ በኋላ አዲስ፣ ነጣ ያለ ዱቄት ከወረደ በውስጡ ሕይወት ሊኖር ይችላል።

ከአውሮፓ የሚመጡ መመሪያዎች ብል በሙቀት ወራት እንደሚበዛ ያስተምራሉ። አዲስ አበባ ግን ነፍሳትን የሚያስቆም ብርድ ስለሌላት የተዋስነው ቀን መቁጠሪያ አይበቃንም። የክረምቱ እርጥበትም የራሱ ጣጣ አለው፤ የአየሩ እርጥበት ከ55 በመቶ በላይ ሲቆይ ለብዙ ተባይ ይመቻል። የራሳችሁን ወራት የሚያሳያችሁ የራሳችሁ መዝገብ ነው፤ እኔ ከማንኛውም መሣሪያ ይልቅ ያንን መዝገብ አከብራለሁ።

መዝገቡ በአንድ ማዕዘን ቁጥር መጨመሩን ካሳየ በዚያ ያለውን ዕቃ አንድ በአንድ ፈትሹ። የተበላውን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ለብቻው አቆዩት። የሱፍ ልብስ ከሆነ አየር በማያስገባ ላስቲክ ታሽጎ ከዜሮ በታች 30 ዲግሪ ለ3 ቀን፣ ወይም ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ለ2 ሳምንት ቢቀዘቅዝ እንቁላሉም እጩም ይሞታል። ሥዕል ያለበትንና የዝሆን ጥርስ የተሠራበትን ግን ባለሙያ ሳታማክሩ አታስገቡ። ከማቀዝቀዣው ሲወጣ ላስቲኩን ወዲያው አትክፈቱ፤ ጤዛው በቅርሱ ላይ እንዳያርፍ የክፍሉን ሙቀት እስኪይዝ አንድ ቀን ይቆይ። ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ ጠርጋችሁ፣ የተመለሰበትን ቀን ጽፋችሁ፣ በመደርደሪያው ሥር አዲስ ወጥመድ አስቀምጡ።