የስኳር ፋብሪካ ከአካባቢው ገበሬ አገዳ ሳይቋረጥበት ስለሚያገኝበት ውል

በምዕራብ ጎጃም፥ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ አገር፥ ሸንኮራ አገዳ የሚሸጠው በገበያ ቀን እየተቆረጠ ለሚመጥጠው ሰው ነው። ገበሬው በዚህ ሳምንት ገዢ ባያገኝ ቀሪውን ሳይቆርጥ ትቶ የሚመጣውን ገበያ ይጠብቃል። ለፋብሪካ የሚቀርብ አገዳ ግን ጠባዩ ሌላ ነው። ከተቆረጠበት ሰዓት ጀምሮ ውሃው ይደርቃል፥ ስኳሩም እየተለወጠ ይቀንሳል፤ የተለወጠውም ጣፋጭ ቢሆን ፍሬ ሆኖ አይረጋም። በአንድ ቀን፥ ቢበዛ በሁለት ቀን ካልተጨመቀ ሁለቱም ወገን ይከስራል፤ ቅጠሉ አስቀድሞ በእሳት የተለበለበ እንደሆነ ጥፋቱ ይፈጥናል። ደግሞም ከአሥር ኩንታል አገዳ የሚወጣው ስኳር አንድ ኩንታል ያህል ስለሆነ፥ ከሩቅ አገር ማስጫን አያዋጣም። ስለዚህ ፋብሪካ የጎረቤቱ እስረኛ ነው።

ገበሬውም እስረኛ ነው። አገዳ ለመጀመሪያው ቆረጣ ከአንድ ዓመት በላይ ያስጠብቃል፤ ከዚያም ከጉቶው እየበቀለ መሬቱን ለብዙ ዓመት ይይዛል። በዚያ መሬት ጤፍና በቆሎ አይዘራም፤ የቤቱ እህል ከገበያ ሊገዛ ነው። መሬቱን ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ወዲህ የያዘው ራሱ አራሹ ስለሆነ፥ በሹም ትእዛዝ ብቻ አገዳ ይተከልበት ማለት አይገባም። ተገዶ የተከለ ሰው አረሙን አይነቅልም።

በአገራችን የነገሩ ዋና ምሳሌ ወንጂ ነው። ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ በ1943 ዓ.ም. ከመንግሥት ጋር ተዋውሎ በአዋሽ ዳር ፋብሪካ አቆመ፤ በ1946 ዓ.ም. ስኳር ማውጣት ጀመረ። አገዳውን ያለማ የነበረው በራሱ እርሻ በሠራተኛ ነው። ፋብሪካው በ1967 ዓ.ም. ከተወረሰ በኋላ ግን የአካባቢው ገበሬዎች በማኅበር ሆነው አገዳ አቅራቢ ሆኑ፤ ፋብሪካው ሲታደስና ሲሰፋም የእነርሱ ድርሻ እጅግ አደገ። ፋብሪካው ለእርሻው የሚያወጣውን ወጪ ያበድራል፤ ብድሩንም ከአገዳው ዋጋ ይቀንሳል። በዚህ አሠራር ጥርጥር የሚገባው በተቀናሹ በኩል ነው። ገበሬው የሚያየው በመጨረሻ በእጁ የገባውን ብር እንጂ የተቀነሰበትን ዝርዝር ካልሆነ፥ ሒሳቡ እውነት ቢሆንም አያምነውም። ዝርዝሩ በሚገባው ቋንቋ ተጽፎ፥ ማንበብ ለማይችልም በማኅበሩ ፊት ተነቦ ሊሰጠው ይገባል። ሚዛኑም እንዲሁ ነው፤ የማኅበሩ እማኝ በሚዛኑ አጠገብ ሊቆም ይገባል።

የክፍያ ቀን ከሁሉ ይበልጣል። በኬንያ የሙሚያስ ፋብሪካ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1973 ሥራ ሲጀምር፥ አብዛኛውን አገዳ በውል የሚያገኘው ከአነስተኛ ገበሬዎች ነበር፤ ብዙ ዘመንም አማረለት። ክፍያው እየዘገየ ሲሄድ ግን አንዳንዱ አገዳውን ላልተዋዋለው ፋብሪካ ሸጠ፥ ሌላውም ነቅሎ እህል ዘራበት። ሌላም ብዙ ችግር ነበረበትና በ2019 ዕዳ ስለበዛበት በአበዳሪው ጠያቂነት አስተዳዳሪ ተሾመበት። በህንድ አገር በ1966 በወጣው ደንብ፥ ፋብሪካ አገዳውን በተረከበ በ14 ቀን ውስጥ እንዲከፍል፥ ቢያሳልፍም በዓመት ከመቶ 15 ወለድ እንዲጨምር ተደንግጎአል። ደንቡ እያለም የውዝፍ ክርክር በዚያ አገር አልጠፋም፤ ሹሙ ካላስፈጸመው ወረቀት ነውና።

በአማራ ክልል በጃዊ ያለው የጣና በለስ ፋብሪካ የተመሠረተው በመንግሥት የመስኖ እርሻ ላይ ስለሆነ፥ ይህ ጥያቄ በወንጂ መጠን አልገጠመውም። ነገር ግን በቡሬ ለተቋቋመው የግብርና ማቀነባበሪያ ፓርክ እህልና የቅባት እህል የሚያቀርበው ገበሬ ያው ጎረቤት ነው፤ የሚዛንና የክፍያ ነገር ለእርሱም ይሠራል።

በጎጃም በተለይ የሚታሰበው ክረምቱ ነው። መንገዱ ሲጨቀይ መኪናው አይገባም፤ ፋብሪካውም ጭመቃውን ያቆማል። ተራው ሳይደርስ ክረምት የያዘው ገበሬ አገዳው አርጅቶ ስኳሩ ቢቀንስበት፥ ጥፋቱ የማን ነው? የቆረጣው ተራ በጥቅምት ታውጆ በገበያ ይነገር፤ ፋብሪካው በተራው ቀን ሳይቆርጥ የቀረ እንደሆነም የሚከፍለው ካሳ በውሉ ውስጥ በቁጥር ይጻፍ።