ጦርነት፣ ሹመትና የከተማ ነዋሪ ድምፅ

ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. የአስኮ ነዋሪ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤትና ለአዲስ አበባ ከተማ ምክር ቤት ድምፁን ሰጠ። ከአስኮ አለፍ ብሎ ያለው የቡራዩ ነዋሪ ግን የመረጠው ለተወካዮች ምክር ቤትና ለኦሮሚያ ክልል ምክር ቤት (ጨፌ ኦሮሚያ) ነው፤ ለራሱ ከተማ ምክር ቤት ምርጫ አልነበረም። በጅማ መንገድ ያለችው ሰበታና በጎጃም መንገድ ያለችው ሱሉልታም እንዲሁ ነበሩ። ጊዜው የትግራይ ጦርነት ጊዜ ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ስለሚሰጥ ሹመት ስናስብ ሦስት ጥያቄዎችን ብንይዝ ነገሩ ይጠራልናል፦ ማን ያቀርባል? ማን ያጸድቃል? ተሿሚው ባይሆንስ ማን ያወርደዋል?

ከጸጥታ ሹመቶች እንጀምር። በትግራይ የሰፈረው የሰሜን ዕዝ በተጠቃ በቀናት ውስጥ፣ ጥቅምት 29 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጄኔራል ብርሃኑ ጁላን ጠቅላይ ኤታማዦር ሹም፣ አቶ ተመስገን ጥሩነህን የመረጃና ደኅንነት ዋና ዳይሬክተር፣ አቶ ደመላሽ ገብረሚካኤልን የፌዴራል ፖሊስ ኮሚሽነር አደረጉ። ሕገ መንግሥቱ ጠቅላይ ሚኒስትሩን የጦር ኃይሎች ጠቅላይ አዛዥ ስለሚያደርግ፣ ጦር ግንባር ላይ ያለ አገር እንዲህ ፈጥኖ መሾሙ የሚገባ ነገር ነው። ልጓሙም እዚያው ሕገ መንግሥት ውስጥ አለ፤ አንቀጽ 87 ሠራዊቱ ከፓርቲ ወገንተኝነት ነፃ እንዲሆን፣ የመከላከያ ሚኒስትሩም ሲቪል እንዲሆን ያዛል።

የሚኒስትሮች ሹመት መንገዱ ሌላ ነው። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዕጩዎችን ያቀርባሉ፣ የተወካዮች ምክር ቤት ያጸድቃል። ዕጩው የግድ የአሸናፊው ፓርቲ አባል መሆን የለበትም። ለዚህም ነው መስከረም 26 ቀን 2014 ዓ.ም. በጸደቀው ካቢኔ የኢዜማው ፕሮፌሰር ብርሃኑ ነጋ የትምህርት፣ የአብኑ ዶክተር በለጠ ሞላ የኢኖቬሽንና ቴክኖሎጂ፣ የኦነጉ አቶ ቀጄላ መርዳሳ የባህልና ስፖርት ሚኒስትር የሆኑት። ኦነግ በዚያ ምርጫ አልተወዳደረም።

ይህ መልካም እርምጃ ነበር፤ ጥምር መንግሥት ግን አይደለም። ብልፅግና በመጀመሪያው ዙር ውጤት ከታወጀላቸው 436 መቀመጫዎች 410 አሸንፎ ነበርና የማንም ድጋፍ አላስፈለገውም። ልዩነቱን ለማየት እንግሊዝን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1940 የሠራተኛው ፓርቲ በጠቅላይ ሚኒስትር ቻምበርሊን ሥር አላገለግልም በማለቱ ቻምበርሊን ወረዱ፣ ቸርችል ተተኩ። እዚያ ተቃዋሚው የገባው ተደራድሮ ነው፤ እዚህ ተጋብዞ ነው። የተጋበዘ ሹም ጋባዡ በፈለገ ቀን ሊነሳ ይችላል።

አሁን ወደ ከተሞቹ እንውረድ። በኦሮሚያ የአካባቢ ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ የተካሄደው በ2005 ዓ.ም. ነው። የአምስት ዓመቱ ዘመን በ2010 ቢያበቃም ምርጫው ተራዘመ፤ ጦርነቱ ገና አልጀመረም ነበር። ስለዚህ ለመዘግየቱ ጦርነቱን ብቻ ተጠያቂ ማድረግ አንችልም። በ2015 ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ ከሌሎች ከተሞች ጋር ተጠቃለው ሸገር ከተማ ሲሆኑ ነዋሪው ለአዲሱ ከተማ ምክር ቤት ድምፅ አልሰጠም። በዚያው ዓመት የመኖሪያ ቤቶችና የመስጊዶች መፍረስ ብርቱ ቅሬታ አስነሳ። ቤቱ የፈረሰበት ሰው አቤት የሚለው ሹሙን ለሾመው አካል ነው፤ በምርጫ ቀን የሚጠይቀው የከተማ ምክር ቤት አባል የለውም። ከሦስቱ ጥያቄዎች የአንዱም መልስ ነዋሪው አይደለም።

ሕገ መንግሥቱ ግን ሌላ ነገር ይላል። አንቀጽ 50(4) ሕዝቡ በዝቅተኛ የአስተዳደር እርከኖች በቀጥታ እንዲሳተፍ ለእነዚሁ እርከኖች በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል። ከንቲባ ጦር አያዘምትም። ሥራው መሬት፣ ውኃ፣ መንገድና የግንባታ ፈቃድ ነው። ጄኔራልን በአንድ ቀን ለመሾም የሚበቃው ምክንያት ከንቲባን ያለ መራጭ ለዓመታት ለማቆየት አይበቃም።

በኦሮሚያ ራሱ የትጥቅ ግጭት ስላለ ምርጫ ማድረግ ቀላል አይደለም የሚለው መከራከሪያ ክብደት አለው። እንግሊዝም በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የአካባቢ ምርጫ አቁማ ነበር፤ ጦርነቱ ባበቃበት በዚያው እ.ኤ.አ. በ1945 ግን መልሳ አካሄደች። ማራዘም ሊያስፈልግ ይችላል፤ መቼ እንደሚያበቃ ያልተነገረለት ማራዘም ግን መብትን መንጠቅ ነው። እንግዲህ ለሰበታ፣ ለቡራዩና ለሱሉልታ ሰው መጀመሪያ የሚገባው የአካባቢ ምርጫ ቀን ነው፤ ሰላም ባለባቸው ቀበሌዎች ቀድሞ ቢጀመርም እንኳ።