ስለ ኤርሚታዥ ቀይ ወይን ጠጅ ቅምሻና እርጅና

«ወይን ጠጅ ሲቆይ ይጥማል» ሲባል ያልሰማ ከመካከላችን አይገኝም፤ ብዙዎቻችንም አነጋገሩን እንደ ሕግ ተቀብለነዋል። ነገሩ ግን እንዲህ በጅምላ የሚነገር አይደለም። በዓለም ከሚጠመቀው ወይን ጠጅ እጅግ የሚበዛው በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንዲጠጣ የተሠራ ነው፤ ከዚያ ሲያልፍ የፍሬው ጣዕም ይጠፋና ኮምጣጣነቱ ብቻ ይቀራል። ዕድሜ የሚያሻሽለው ጥቂቱን ነው፤ እሱንም ቢሆን አንድ ነገር ሲሰጠው ሌላ ነገር እየወሰደበት ነው። ይህን ለመመርመር የመረጥነው ሲራ ከተባለው የወይን ዘር በፈረንሳይ አገር፣ በኤርሚታዥ የሚሠራውን ቀይ ወይን ጠጅ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኤርሚታዥ ከሊዮን በስተደቡብ፣ በሮን ወንዝ ግራ ዳርቻ፣ ታን ከተባለችው ትንሽ ከተማ በላይ የቆመ ኮረብታ ነው። ወይን የተተከለበት ቦታ 140 ሄክታር አይሞላም። ኮረብታው ፊቱን ወደ ደቡብ ስለ መለሰ ፀሐይ አትለየውም፤ አፈሩ በጎርፍ እንዳይታጠብ በድንጋይ ካብ እርከን ተሠርቶለታል፤ ከዳገቱም የተነሣ ብዙው ሥራ በእጅ ነው። ስሙ የባሕታዊ መኖሪያ ማለት ነው። በትውፊት እንደሚነገረው ጋስፓር ደ ስቴሪምበር የተባለ ፈረሰኛ በ1224 ከመስቀል ጦርነት ተመልሶ በዚያ መንኗል። ወይኑንም ከፋርስ፣ ከሺራዝ ከተማ ያመጣው እሱ ነው የሚሉ ነበሩ። ይሁን እንጂ ፈረሰኛው የዘመተው እዚያው በደቡብ ፈረንሳይ፣ በአልቢ መናፍቃን ላይ ነው ስለሚባል በፋርስ በኩል በምን መንገድ እንዳለፈ እንጃ። ክርክሩን የዘጋው በ1998 የተገኘው የዘር ምርመራ ውጤት ነው። ሲራ ዱሬዛና ሞንዴዝ ብላንሽ ከተባሉት ሁለት የወይን ዘሮች የተወለደ ሆኖ ተገኝቷል፤ ሁለቱም የደቡብ ምሥራቅ ፈረንሳይ ተወላጆች ናቸው።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንምጣ። ቀማሽ ብርጭቆውን ከሲሶው በላይ አይሞላም። በመጀመሪያ ከነጭ ጨርቅ በላይ ዘንበል አድርጎ መልኩን ያያል፤ ቀጥሎ አዙሮ ያሸታል፤ በመጨረሻም ጥቂት ተጎንጭቶ በአፉ ውስጥ ያንሸራሽረዋል። ብዙ ዓይነት የሚቀምስ ሰው ቢተፋ ነውር የለበትም፤ ካልተፋ አምስተኛውን ከስድስተኛው አይለይም። ገና ሁለትና ሦስት ዓመት የሆነው ኤርሚታዥ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሐምራዊ ነው፤ ሽታውም የጥቁር እንጆሪ፣ የጢስ፣ የወይራ ፍሬና የቁንዶ በርበሬ ነው። አፍ ውስጥ ሲገባ ግን ድድንና ምላስን ጨምድዶ ይይዛል። ይህን የሚያደርገው ከወይኑ ቆዳና ዘር የሚወጣው ታኒን የተባለው ነገር ነው፤ ያልበሰለ ሙዝ የገመጠ ወይም ከቅጠሉ ጋር ሲንተከተክ የዋለ ሻይ የጠጣ ሰው ስሜቱን ያውቀዋል። ከምሬት ጋር ማደባለቅ ግን አይገባም፤ ምሬት ጣዕም ነው፣ ይኸኛው ግን የመዳሰስ ስሜት ነው። የጌሾን ምሬት የለመደ አፍ ልዩነቱን ቶሎ እንደሚያገኘው እንገምታለን።

ስለ ቁንዶ በርበሬው ጥቂት መጨመር አለብን። የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች በ2008 ሮተንዶን የተባለ ውሕድ በሲራ ውስጥ መኖሩን አስታወቁ፤ ለቁንዶ በርበሬም ሽታውን የሚሰጠው ይኸው ውሕድ ነው። በዚያው ምርመራ ከቀማሾቹ አንድ አምስተኛ ያህሉ፣ በውሃ ውስጥ በርከት ተደርጎ ቢጨመርላቸው እንኳ፣ ሊያሸቱት አልቻሉም። እንግዲህ አምስት ሆነን ብንቀምስና አራታችን «ቁንዶ በርበሬ» ብንል፣ አምስተኛው ምንም ላያገኝ ይችላል፤ ይህም ካለማወቅ የመጣ አይደለም። ክፉው ነገር ያ አምስተኛ ሰው ከጓደኞቹ ላለመለየት ሲል ራሱን ነቅንቆ «አዎን» ማለቱ ነው። በጠርሙሱ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ የሚያሸት ሰውም አፍንጫውን ለሌላ አከራይቷል።

ጠርሙሱ ተኝቶ ሳለ በውስጡ ምን ይደረጋል? ታኒኑና ቀለሙ እርስ በርሳቸው እየተያያዙ ይከብዳሉ፤ ከፊሉም ዘቅጦ አተላ ይሆናል። ወይኑ የሚለሰልሰው በዚህ ብቻ ነው ይባል ነበር፤ አሁን ግን ከተያያዙት አንዳንዶቹ በወይኑ ኮምጣጣነት ተመልሰው እንደሚበጠሱም ታውቋል። በቡሹ በኩል የሚገባው እጅግ ጥቂት አየርም ድርሻ አለው። መልኩ ከሐምራዊ ወደ ቀይ፣ ከዳር በኩል ደግሞ ወደ ጡብ ቀለም ይለወጣል። እንጆሪው እየራቀ ይሄድና የቆዳ፣ የረጠበ አፈር፣ የደረቀ ቅጠልና የአደን ሥጋ ሽታ ይተካዋል። ፍሬው ከታኒኑ በፊት ካለቀ ግን መጠበቁ ከንቱ ሆነ ማለት ነው። በመልካም ዓመት የተሠራ ኤርሚታዥ ሃያና ሠላሳ ዓመት ይቆያል፤ የፖል ዣቡሌ ኤኔ ቤት የ1961 «ላ ሻፔል» ከአርባ ዓመት በኋላም ሲወደስ ነበር። በዚህ በአንዱ ዝና ምክንያት ስንቱ ተራ ጠርሙስ በየመደርደሪያው ላይ ያለ ጥቅም አርጅቷል!

በመካከሉም ወይኑ ዝም የሚልበት ዘመን አለ። አምስት ዓመት አልፎት ዐሥር ያልሞላው ጠርሙስ ሲከፈት ብዙ ጊዜ የወጣትነቱን ሽታ ትቶ፣ የሽምግልናውን ገና ሳይይዝ ይገኛል፤ የከፈተውም ሰው ተበላሽቷል ብሎ ይፈርዳል። ከአንድ ዓይነት ስድስት ጠርሙስ ያለው በየሁለት በየሦስት ዓመቱ አንዱን እየከፈተ ይመረምራል። አንድ ብቻ ያለው ግን የሚገምት እንጂ የሚያውቅ አይደለም፤ የተከፈተ ጠርሙስም ተመልሶ አይታሸግም።

ሌላም ስሕተት አለ። በአሮጌ የሮን ወይን ላይ የፈረስ ጋጣ ሽታ ሲገኝ የሲራ ጠባይ ወይም የእርጅና ጸጋ ነው ያሉ ብዙዎች ነበሩ። ሽታው ግን ብሬታኖሚሴስ የተባለው እርሾ ሥራ ነው፤ ይህም ባልጸዳ በርሜል ውስጥ ይራባል። ጥቂት ሲሆን የሚወዱት አሉ፤ እኛ ግን ነገሩ በስሙ ቢጠራ ይሻላል እንላለን። የሻገተ ካርቶን ከሸተተ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ የቡሹ ነው፤ የቱንም ያህል ቢጠበቅ አይድንም።

ለማስቀመጥ የሚያስፈልገው ጨለማ፣ ጸጥታና ከ12 እስከ 14 ዲግሪ የሆነ የማይዋዥቅ ቅዝቃዜ ነው፤ ቡሹ እንዳይደርቅም ጠርሙሱ ይተኛል። ሊጠጣ ሲታሰብ አተላው ከሥር እንዲሰበሰብ በዋዜማው ይቆማል። በማግሥቱ ቡሹ በቀስታ ይነቀልና ከጠርሙሱ አንገት ሥር ሻማ በርቶ ወይኑ ወደ ሌላ የመስተዋት ዕቃ ይገለበጣል። ወጣቱን ወይን አንድና ሁለት ሰዓት አየር ቢያገኘው ይጠቅመዋል፤ ሽማግሌው ግን ሽታው ቶሎ ስለሚበን ሳይውል ሳያድር ይጠጣል። በሻማው ብርሃን ጥቁሩ ጭረት ወደ አንገቱ ሲቀርብ የሚገለብጠው እጅ ይቆማል፤ ሁለት ጣት ያህሉ ከነአተላው ከጠርሙሱ ውስጥ ይቀራል።