መጋጠሚያው ሲከዳ ባትሪው ይታማል

በማጂ ደጋ፣ በቱም ከተማ፣ ሬዲዮና የሶላር መብራት በሚጠግኑ አዛውንትና በሬዲዮ የምትታዘዝ ትንሽ ጀልባ በሚሠራ ተማሪ መካከል የተደረገ ምልልስ

ተማሪው፦ ጋሼ፣ ጀልባዬ ውኃ ላይ ሳወርዳት መጀመሪያ በደንብ ትሮጣለች፤ ወዲያው ግን ትደክማለች። ባትሪው ሙሉ ነው፤ በቴስተር ስለካው 12.6 ቮልት ያሳያል። ጓደኞቼ «አርጅቷል፣ ከሚዛን ከተማ ሌላ አስመጣ» ይሉኛል።

ጋሼ፦ ስትለካው ሞተሩ እየሠራ ነበር ወይስ ጠፍቶ?

ተማሪው፦ ጠፍቶ።

ጋሼ፦ እንግዲያው ባትሪውን ገና አልፈተንከውም። ኮረንቲ ካላለፈ መጥፎ ብየዳም ደህና ይመስላል። አሁን ሞተሩን አስነሳና የቴስተሩን አንዱን ጫፍ ከባትሪው መጋጠሚያ ወዲህ፣ ሌላውን ከመጋጠሚያው ወዲያ፣ በዚያው በቀዩ ሽቦ ላይ አድርግ። ጤነኛ መጋጠሚያ ከሆነ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይጠጋል።

ተማሪው፦ 0.4 ይላል። ይሄ ትንሽ አይደለም እንዴ?

ጋሼ፦ ሒሳቡን አብረን እንሥራ። ሞተሩ 20 አምፔር ይስባል እንበል። መጋጠሚያው ላይ የአንድ ኦም መቶኛ ሬዚስታንስ ብቻ ቢኖር 4 ዋት ሙቀት ይሆናል። ኮረንቲው ወደ 40 አምፔር ሲወጣ ሙቀቱ 8 ይመስልሃል፤ 16 ዋት ነው፤ ምክንያቱም ኮረንቲው እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ አራት እጥፍ ይሆናል። ያነበብከው 0.4 ቮልት ከዚህ ከሁለተኛው ጋር ይገጥማል። ለሬዲዮ የምጠቀምበት ትንሹ መበየጃ 25 ዋት ነው። ከዚያ ከግማሽ በላዩን በጀልባህ ሆድ ውስጥ ስታነድ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ መያዣው ይላላል፣ መላላቱም ሬዚስታንሱን ይጨምራል። ጥፋቱ ራሱን እያሳደገ ይሄዳል ማለት ነው።

ተማሪው፦ ወፍራም ሽቦ ነው እኮ የተጠቀምኩት።

ጋሼ፦ ከሚዛን እስከዚህ መንገዱ ሁሉ ቢሰፋ፣ አንዱ ድልድይ ከተሰበረ መኪናው ይቆማል። የሽቦው ውፍረት የሚጠቅመው መጋጠሚያው እኩል ሲሸከም ነው። ይህን ብየዳህን ተመልከተው፦ ደብዛዛ ነው፣ ፊቱ ሻካራ ነው፣ ሊዱ እንደ ጠብታ ተኮማትሮ ከሽቦው ላይ ተቀምጧል እንጂ ወደ ውስጥ አልገባም። ቀዝቃዛ ብየዳ የሚባለው ይህ ነው።

ተማሪው፦ ሊዱ እስኪቀልጥ ድረስ እኮ አሙቄዋለሁ።

ጋሼ፦ ሊዱን አሙቀሃል፤ ሽቦውንና ኮኔክተሩን አላሞቅህም። ከ100 እጅ 63 ቆርቆሮ፣ 37 እርሳስ የሆነው ሊድ በ183 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይቀልጣል። መዳቡ ግን ለመቅለጥ ከ1,080 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ በብየዳ ጊዜ መዳቡ አይቀልጥም፤ የቀለጠው ሊድ የሞቀውን መዳብ አርሶ ይይዘዋል። መዳቡ ቀዝቃዛ ከሆነ ሊዱ ነክቶት ብቻ ይረጋል። ሕጉ አጭር ነው፦ መበየጃው ብረቱን ያሙቅ፣ የሞቀው ብረት ሊዱን ያቅልጥ።

ተማሪው፦ የእኔ መበየጃ ስልክ የምጠግንበት ትንሹ ነው።

ጋሼ፦ ለዚህ ሥራ አቅም የለውም። ወፍራም ሽቦ ሙቀቱን ጠጥቶ ይወስደዋል። 60 ወይም 80 ዋት፣ ጫፉ ወፈር ያለ መበየጃ ያዝ። መብራት ከሌለ ራሱ ወፍራም መዳብ የሆነ መበየጃ በከሰል ላይ ማጋል ይቻላል፤ ወፍራም መዳብ ሙቀት ስለሚይዝ ለአንድ መጋጠሚያ ይበቃል። ጠንካራ መበየጃ ቶሎ አሙቆ ቶሎ ይለቃል። ደካማው ግን ረጅም ጊዜ ስለሚቆይ የኮኔክተሩን ፕላስቲክ ያቀልጠዋል።

ተማሪው፦ ከመጀመሪያ ጀምረው ያሳዩኝ፤ በወረቀት እጽፋለሁ።

ጋሼ፦ ጻፍ። በመጀመሪያ፣ በሙቀት የሚኮማተረውን ላስቲክ ቱቦ ሽቦው ላይ አስገባና ራቅ አድርገው፤ ከበየድክ በኋላ አይገባልህም። ሁለተኛ፣ ሽቦውን በኮኔክተሩ ጽዋ ጥልቀት ያህል ብቻ ላጠው። ክሮቹን ጠምዝዘህ ፍለክስ ቀባና ሊድ አጠጣው። ሦስተኛ፣ የኮኔክተሩን ጽዋም ለብቻው አሙቀህ በግማሽ ሊድ ሙላ። አራተኛ፣ ወንዴውን ከሴቴው ጋር አጋጥመህ ያዝ፤ ፕላስቲኩ ቢለሰልስ እንኳ ፒኖቹ ቦታቸውን አይስቱም። አምስተኛ፣ ጽዋውን አሙቀህ ሊዱ ሲፈስ ሽቦውን ክተትና መበየጃውን አንሣ። ከዚያ እጅህ አይነቃነቅ። ሊዱ እየረጋ ሳለ ከተንቀሳቀሰ ውስጡ ይሰነጠቃል፤ እፍም አትበልበት።

ተማሪው፦ ፍለክስ የቧንቧ ሠራተኛው የሚጠቀምበት ይሆናል?

ጋሼ፦ አይሆንም፤ አሲድ አለበት። ዛሬ ቢያሳምርልህ ቆይቶ ሽቦውን አረንጓዴ አድርጎ ይበላዋል፤ ጀልባ ውስጥ ደግሞ እርጥበት ያግዘዋል። ለኤሌክትሪክ ሥራ ከዛፍ ሙጫ የሚሠራውን፣ ሮዚን የሚባለውን ተጠቀም። ጭሱን ወደ ውስጥ አትሳብ፣ መስኮት ክፈት። ሊዱ እርሳስ ስላለበት እጅህን ሳትታጠብ እንጀራ አትንካ።

ተማሪው፦ ባትሪው ላይ የትኛውን ላድርግ፣ ወንዴውን ወይስ ሴቴውን?

ጋሼ፦ ይህን በደንብ ያዝ። ኃይል የሚሰጠው ወገን ሁልጊዜ ሴቴ ነው፤ ብረቱ በፕላስቲክ ውስጥ ስለተደበቀ ኪስህ ያለ ቁልፍ አያገናኘውም። የባትሪውን ኮኔክተር ስትቀይር ሁለቱን ሽቦ ባንድ ጊዜ በመቀስ አትቁረጥ፤ መቀሱ ራሱ ያገናኛቸዋል። አንዱን ቁረጥ፣ በየድ፣ ሸፍን፤ ከዚያ ወደ ሁለተኛው ሂድ። ቀዩ ፖዘቲቭ፣ ጥቁሩ ኔጋቲቭ። ከመሰካትህ በፊት በቴስተር አረጋግጥ፤ የፍጥነት መቆጣጠሪያው አንዴ ቢገለበጥበት ይቃጠላል።

ተማሪው፦ ከአሮጌ ላፕቶፕ ያወጣኋቸው የሊቲየም ሴሎች አሉኝ። በቀጥታ ሽቦ ልበይድባቸው?

ጋሼ፦ አታድርገው። ሙቀቱ የሴሉን ውስጥ ይጎዳል፤ የተጎዳ ሊቲየም ደግሞ ሊነድ ይችላል። ሴሎቹ ላይ በማሽን የተጣበቀ የኒኬል ቅጠል ካለ፣ ሽቦህን ቅጠሉ ጫፍ ላይ ከሴሉ ራቅ አድርገህ በየድ። ፖዘቲቩ ላይ፣ ለባትሪው ቅርብ፣ ፊውዝ አኑር። ያበጠ ሴል ካየህ ለጀልባም ለመብራትም አትጠቀምበት።

ተማሪው፦ ብየዳው ሲያልቅ ደህና መሆኑን በምን ልወቅ?

ጋሼ፦ በዓይን፣ በእጅ፣ በቴስተር። እርሳስ ያለበት ሊድ ደህና ሲበየድ ያበራል፣ ጠርዙም ወደ ሽቦው ቀጥኖ ይወርዳል። ከዚያ ጠንከር አድርገህ ሳበው። በመጨረሻ ሞተሩን ጭነት ላይ አሠርተህ ቅድም እንደለካነው ለካ። ሊድ የጠጣው ሽቦ ግትር ስለሚሆን ግትርነቱ ካበቃበት ቦታ ላይ በንዝረት ይሰበራል፤ ላስቲኩ ያንን ቦታ አልፎ ይሸፍነው፣ ሽቦውንም ከጀልባው አካል ጋር እሰረው። መጋጠሚያው ከወለሉ ከፍ ይበል፤ ጀልባ ውስጥ የሚገባ ውኃ ታች ይጠራቀማል።

ተማሪው፦ እንዲህ ያለ ጀልባ መጀመሪያ የሠራው ማን ነው?

ጋሼ፦ ኒኮላ ቴስላ እ.ኤ.አ. በ1898 ኒውዮርክ፣ ማዲሰን ስኩዌር ጋርደን ውስጥ፣ ባትሪ የተሸከመች ትንሽ ጀልባ በሬዲዮ እያዘዘ ለሕዝብ አሳይቷል፤ በዚያው ዓመት ኖቬምበር ወር የፈጠራ መብቱን አገኘ። አንተ የምትሠራው ከዚያ የመጣ ነው።

ተማሪው፦ እዚህ ግን ጨዋታ ነው ይሉኛል፤ ለቱም ምን ይጠቅማል ይላሉ።

ጋሼ፦ ወደዚህ ሱቅ የሚመጣውን የሶላር መብራት ተመልከት። «ባትሪው ሞተ» ተብሎ የሚመጣው ሲከፈት ብዙ ጊዜ ባትሪው ደህና ነው፤ ሽቦ ተጠምዝዞ በፕላስተር ታስሮ ውስጡ ዝጎ ታገኘዋለህ። በክረምት ፀሐይ ሲያንስ ደግሞ መጋጠሚያው የሚበላው ኃይል የልጆች ማጥኛ መብራት ነው። አሁን በጀልባህ ላይ የተማርከው ወንዴና ሴቴ፣ ፊውዝና ልኬት እዚያም ያው ነው። ስለዚህ ይህን ኮኔክተር ፈትተህ እንደገና በየደው። ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲወርድ እነዚህን ሦስት የሶላር ባትሪዎች እንደዚያው ፈትሽልኝ፤ መጋጠሚያው ሳይለካ «አዲስ ግዙ» የሚል ቃል ለባለቤቶቹ እንዳትናገር።